ከታፔላው በስተግራ

«ይቺን ልጅ አስቀይሚልኝ» አለች አክስት፣ አንገቷን ወደ ላይ አንጋጣ። «ዛሬውኑ፣ ደንበኛ ሳይበዛ። ጥርሷን አወላግጂው፣ ፊቷን ማድያት በማድያት አድርጊው፣ እንደፈለግሽ፤ ብቻ እንዲህ ተውባ ደጄ ላይ አትውልም።» መሰላሉን የያዘላቸው በያጅ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን ብሎት አሳለው። ጭምት ግን አልሳቀችም። ብሩሿን እንደ ጧፍ ደረቷ ላይ ይዛ፣ አንዴ አክስቷን፣ አንዴ ታፔላውን እያየች ቆመች።

ታፔላው የአክስት ፀጉር ቤት ማስታወቂያ ነው። በሩንና መስኮቱን አንድ ላይ የሚያህል ላሜራ፣ መሀሉ ላይ መስመር ተሰምሮበት፣ በስተግራ አንዲት ሴት፣ በስተቀኝ ሌላ ሴት። ከግራዋ ሥር «ሲገቡ»፣ ከቀኟ ሥር «ሲወጡ» ይላል። ሐሳቡ የአክስት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ምን ሆኖ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ በዓይኑ ይይ ብላ ነው። የቀኟ ሴት ከሻምፖ ካላንደር ላይ የተገለበጠች ናት። ፀጉሯ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተቀመጠ፣ አንገቷ የተገተረ፣ ከንፈሯ የተገጠመ፣ ሰላም ቢሏት እንኳ የምትመልስ አትመስልም። ለግራዋ አክስት «የመጣልሽን ሳዪ፤ ብቻ ፀጉሯ ይንጨባረር» ብላ ነበር። ለጭምት የሚመጣላት ደግሞ ያው ሁልጊዜ የሚመጣላት ፊት ነው። ሬዲዮ። ዝናብ አሯሩጧት፣ ፀጉሯ የፈረሰ የወፍ ጎጆ መስሎ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ሳቁ ቀድሟት ሲወጣ፤ እንዲያ አድርጋ ሳለቻት። ጠዋት አክስት በሰው ፊት አንሶላውን ስባ ስትገልጠው ያየው ሁሉ ዓይኑ ግራው ላይ ቀረ። አንድ የታክሲ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት ብቅ አለና «እትዬ፣ የምትገባዋን ነው የወደድኳት፤ እባክዎ ሳትወጣ ያስቀሩልኝ!» ብሎ አለፈ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለመግባት ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ ሳትቀር ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ደጅ ወጥታ አየችና፣ «ታዲያ ለመበላሸት ነው እንዴ የምንከፍለው? ያውም ዋጋ ጨምራችሁ» አለች። አክስትን ያነደዳት ይሄ ነው።

ሬዲዮ የጭምት ጓደኛ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ማጥፊያዋ የጠፋባት ለማለት። ጭምትንም ጭምት ያላት ያው ሰፈር ነው። ሁለቱን ምን እንዳጣበቃቸው ያወቀ የለም። ሬዲዮ መለሎ ናት፣ ጭምት ድንክ ቢጤ። የሬዲዮ ምላስ ጤፍ ይቆላል፣ ጭምት «እሺ» ለማለት እንኳ አስባ፣ አውጥታ አውርዳ ነው። የሬዲዮ ቤት ፎቅ ነው፤ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ ሳሎኑ መሀል ተጎልቶ እንግዳ ያባርራል። የጭምት ቤት ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ከአክስቷ ጋር የምታድርባት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው ሥር የሻምፖ ካርቶን ይደረደራል፣ ሌሊት እግር ሲዘረጋ ካርቶን ይነካል። ሬዲዮ ተዋናይ ልትሆን ነው፤ እንደ ራሷ አፍ ከሆነማ ሆና አልቃለች። ጭምት ሠዓሊ መሆን ትፈልጋለች፤ ይህንንም ለሰው የምትናገርላት ሬዲዮ ናት። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታኮርፋለች፣ ለምን ብቻሽን ታመምሽ ነው ነገሩ። ባለፈው ሰሞን ሬዲዮ ከልብስ ሰፊው ልጅ ጋር ሲኒማ ገባች የተባለ ጊዜ፣ ጭምት ምንም አልተናገረችም። እሷን የሳለችባቸውን ወረቀቶች ሁሉ ገልብጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸው። ሥዕሎቹ ተቀጥተው ሰነበቱ። ሬዲዮ መጥታ ያንን ስታይ ደስታዋ ልክ አጣ፤ እንዲህ የሚቀናባት ሰው አግኝታ አታውቅማ።

አሁን ደግሞ ክፍል ሊያገኙ ነበር። ከፀጉር ቤቱ ኋላ፣ የተሰበረ ካስክና እግሩ የወለቀ ወንበር የሚጣልባት ዕቃ ቤት አለች። አክስት ታፔላው ካማረ ቁልፉን እሰጣችኋለሁ ብላ ቃል ገባች። ዕቃው ሳይወጣ ሁለቱ ገብተው ወለሉን በጠመኔ ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹ ለቀለም፣ ግማሹ ለቲያትር ልምምድ። መስኮቷ የማን ትሁን በሚለው ግን ተጣሉ። ጭምት ብርሃን ያስፈልገኛል አለች። ሬዲዮ ተመልካች ያስፈልገኛል አለች። መስኮቷ የምታሳየው የጎረቤትን የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሬዲዮ ግን ግድግዳም ቢሆን ያያል ብላ ድርቅ አለች። ያ ጠብ ገና አላለቀም ነበር።

ስህተቱ የተሠራው እንግዲህ እንደነሱ ባሉ ሁለት ሰዎች መሀል ብቻ በሚሠራ መንገድ ነው። ሥዕሉ ያለቀ ዕለት ሬዲዮ «ምን ሳልሽ? ንገሪኝ፣ በሞቴ» አለች። ጭምት አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች፣ «ታፔላው ላይ አለሽ» አለች። አበቃ። የቀረውን ሬዲዮ ራሷ ሞላችው። ማታውኑ ዳቦ ቤቱ ሰማ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰማ፤ የሬዲዮ መልክ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ አንገቷ ላይ ሐብል ሳይቀር (ሐብሉን ከየት እንዳመጣችው እሷ ታውቃለች) ዋናው መንገድ ላይ ሊሰቀል ነው ተባለ። የወጣቶች አዳራሽ የቲያትር አዘጋጅም በዚያ ነው የሚያልፈው ብላ ጨመረችበት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ አዳራሽ ተፈታኝ ናት፤ በፍቅር ምክንያት የምትሞት ልዕልት አለች፣ እሷን ለመሆን። ከፈተናው በፊት እናቷን ይዛ መጥታ ታፔላውን ልታሳያት ነው፤ እናትየዋ ኪነ ጥበብ እንጀራ አይሆንም ባይ ስለሆነች። ጭምት ይህን ሁሉ ሰማች። ግራው ላይ ነሽ ልትል አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ሬዲዮ እያወራች ማን ቀዳዳ ያገኛል?

አክስት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ስትጮህ ምንም አይደለም፤ ዝቅ ስታደርገው ነው የሚያስፈራው። «ስሚኝ ልጄ። ሰው የሚከፍለኝ ተጎሳቁሎ ገብቶ አምሮበት ሊወጣ ነው። እንዲህ እየሳቀ ከገባማ እኔ ምን ልጨምርለት ነው? ቁልፉን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ጭምት ቁልፉን ትፈልጋለች። ፊቱን በሙሉ ከማበላሸት አንዲት ጥርስ ብትበቃስ ብላ አሰበች። ሰው ሲቸግረው እንዲህ ነው፤ ክፋቱን በማንኪያ ይለካል። አንዲት ጥርስ፣ ያውም የኋለኛዋን። ጥቁር ቀለም ነክራ መሰላሉን ወጣች። የኋለኛዋን ብትነካት አልታይ አለች፤ አክስት ከታች «የፊቱን! የፊቱን!» ትላለች። የፊቱን ነካችው። ያ ሁሉ ሳቅ በአንድ ጊዜ የሰካራም ሳቅ ሆነ። እጇን ገና ሳታነሳ ከኋላዋ የምታውቀው ኮቴ መጥቶ ቆመ።

«ያቺ… እኔ ነኝ?»

ሬዲዮ ለፈተናው የተተኮሰ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እናቷን በክንዷ ይዛ ቆማለች። እናትየዋ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት፤ ነገርን ሁሉ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ዓይኗን አጥብባ ነው የምታነበው። «ሲ-ገ-ቡ» ብላ አነበበች። ከዚያ ጥርሱን አየች። «ያንን ጥርስ ለማስተካከል ሁለት ዓመት ብረት አሳስሬያታለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ቢጎዲን የጠቀለለችው ደንበኛ ሳቋ አመለጣት፤ ዳቦ ተሸክሞ የሚያልፈውም ቆመ። ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ሰው ሁሉ ጆሮውን አዘጋጀ። ምንም አልወጣም። አፏን መልሳ ገጠመችው፣ ዞረች፣ ሄደች፤ እናቷ በቦርሳዋ እየተደናቀፈች ተከተለቻት። ጭምት ከመሰላሉ ላይ «ቆይ» ብላለች፤ ግን ይህንን «ቆይ» ከራሷና ከሠራችው ጥርስ በቀር የሰማ የለም። በያጁ ቀስ ብሎ «ጠፋች» አለ፤ መሄዷን ይሁን ዝምታዋን አልታወቀም።

«በይ ቀጥዪ እንጂ» አለች አክስት። «አንዴ ጀምረሻታል።»

ጭምት ወረደች። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራ መልሳ ወጣች። ከሥሩ ያለው ቀለም ከደረቀ ቆይቷል፤ ጥቁሩ በአንድ መጥረግ ለቀቀ። ወርዳ እጇን እያደራረቀች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «አላስቀይማትም» አለች። «ካልፈለግሻት ቆርጠሽ ስጪኝ።» አክስት ከዚህች ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «ግማሽ ታፔላ ለሠራ ሰው ግማሽ ክፍል የለኝም! ገባሽ?» «ገብቶኛል።» አክስት ለቅሶ ጠበቀች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ለሁለት ተፋጠው ቆሙ፤ ውስጥ አንዱ ካስክ ጊዜው ደርሶ ይጮኻል፣ የሚያጠፋው የለም። መጨረሻ ላይ አክስት የሚሰደብ ሰው ስታጣ በያጁ ላይ ዞረች፤ «አንተ ምን ትገተራለህ? ቁረጠው!» አለች። በያጁ አውርዶ ቆረጠው። መንገዱ ሁሉ በመቁረጫው ጩኸት ጥርሱን ነከሰ። የቀኟ ሴት ተመልሳ ለብቻዋ ተሰቀለች፣ ከሥሯ «ሲወጡ» የሚል ብቻ ቀርቶ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ሁሉ «መግቢያውስ በየት ነው?» ማለት ጀመረ። አክስት ይህን እየሰማች የሰው ፀጉር ትስባለች፤ ፀጉሩ የማን እንደሆነ ረስታለች።

ጭምት የግራውን ላሜራ ጫፍ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ ጫነችው። ላሜራ የሚሉት ነገር ነፋስ ይወዳል። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ወደማትሄድበት ይወስዳታል፤ አንዴ ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ አንዴ የሰው ጫማ ላይ። መኪና ጥሩምባ ይነፋባታል፣ ላሜራው ያስተጋባል። መሻገሪያው ላይ አንድ ሽማግሌ አቁመዋት ሥዕሉን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ ልጄ፣ እንዲህ የምትስቀዋ ናት የጠፋችባችሁ?» አሏት። ጭምት ለማብራራት ጊዜ አልነበራትም። «አዎ አባቴ» አለች። «እግዜር ያገናኛችሁ» ብለው መንገዱን አሻገሯት።

ጭምት ላሜራውን አውርዳ ከፊቷ አቁማው ነበርና፣ የሬዲዮ እናት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የገዛ ልጇን ፊት ነው፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች የወጡለት። «ሳሎን ብረት አይገባም፣ ሶፋውን ይቧጭርብኛል። ኮሪደሩ ላይ አስደግፊው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «በሯን ቆልፋለች። ምሳም አልበላችም። ይቺ ልጅ ምነው ዝም ባለች ብዬ ስንት ዘመን ተመኘሁ፤ ይኸው ዝም አለች፣ አሁን ደግሞ በሯ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ።» ይህን ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ምንም የሚሠራ ነገር ባይኖርም ዕቃ ማንኳኳት ጀመረች። የዚያ ቤት ሰዎች ሲጨነቁ ዕቃ ያንኳኳሉ።

ጭምት በተዘጋው በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። «እኔ ነኝ» አለች። አልጋ ሲንቋቋ ሰማች፤ ስለዚህ ሰው አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሬዲዮ ታወራለች፣ ጭምት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ነገር በዚህ ያልቃል። ራስ መነቅነቅ ደግሞ በር አያልፍም። አሁን ካልተናገረች ጓደኛ የላትም፤ ይሄ ቁልጭ ብሎ ታያት። የሸሚዟን ጫፍ ይዛ በሁለት ጣቷ ትፈትለው ጀመር።

«የቀኟን ሴትዮ አላውቃትም» አለች። «ከካላንደር ነው የገለበጥኳት። ምን እንደሚያስቃት አላውቅም። አፍንጫዋን ስስል ምንም አላመመኝም። አንቺን ስስል ግን… ብሩሹ በላብ አመለጠኝ። አክስቴ የተጎሳቆለች ሳዪ አለችኝ። ቁጭ ስል አንቺ መጣሽ። ዝናብ የመታሽ ቀን። ያን ቀን ምን ልትነግሪኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ በሳቅ አለቀ። እኔ ታፔላው ላይ አለሽ ነው ያልኩት። ቀኝ ነሽ አላልኩም፣ ሐብልም አላልኩም። ለሰው ሁሉ የነገርሽው አንቺ ነሽ። ብትጠይቂኝም እስክጨርስ አትጠብቂም። ትጀምሪልኛለሽ፣ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ፤ አንዳንዴ ምን እንዳሰብኩ የምሰማው ካንቺ ነው። ጥርስሽን… ነክቼዋለሁ። አልዋሽሽም። ለክፍሉ ስል ነው። ክፍሉን ደግሞ የፈለግኩት አንቺ እዚያ ስለምትለፈልፊ ነው፤ ለብቻዬማ ካርቶኑም መሀል እስላለሁ። አሁን ክፍሉም የለም። ብትፈልጊ ዝም በይኝ። ግን ዝም ማለት የኔ ነው። አንቺ አትችይበትም። አያምርብሽም።»

ወጥ ቤት የነበረው ኳኳታ ቆሟል። ጭምት በሕይወቷ ይህን ያህል ቃል አከታትላ አውጥታ አታውቅም። በሩ ከኋላዋ በድንገት ሲከፈት በጀርባዋ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ሬዲዮ ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ ትራስ ላይ ተጨፍልቋል፤ ዓይኗ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይብለጨለጫል፣ ወተት ያየች ድመት ይመስል።

«እስቲ ድገሚው» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አላውቃትም ካልሽበት ጀምረሽ። ቀስ ብለሽ።»

ጭምት፣ ሬዲዮ ይቅርታውን ደግማ መስማት የፈለገች መሰላት። የጥፋተኛ ነገር፣ ደገመችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ተንተባተበ። ሬዲዮ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንዴም ሳታቋርጥ ሰማቻት። ዓይን ዓይኗን አይደለም የምታየው፤ እጆቿን ነው። ሲያልቅ ብድግ አለች። «ዘጠኝ ሊሆን ነው፣ ተነሺ!» ፀጉሯንም አላበጠረች። በኮሪደሩ ሲወጡ እናትየዋ የአቧራ ጨርቅ ይዛ ከላሜራው ፊት ቆማለች። ላሜራው ላይ አቧራ የለም። እናትና ልጅ ተያዩ። «ቀበቶሽ ተጣሟል» አለች እናት። «ይጣመም» አለች ልጅ። ወጡ። ሬዲዮ የጭምትን እጅ ጨምድዳ ይዛ ትሮጣለች፤ አፏ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ጭምት ታረቅን ማለት ነው ብላ ልቧ ሞቅ አለ። ምንም አልጠረጠረችም።

አዳራሹ የተቆለሉ ወንበሮችና የላብ ሽታ አለበት። አዘጋጁ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቀጭን፣ የደከመው ሰው ነው። ቢደክመው አይፈረድበትም፤ ልዕልቲቱ ከምሳ ጀምሮ ስትሞትበት ውላለች። አንዷ ደረቷን ይዛ ትሞታለች፣ አንዷ እየተንከባለለች፤ አንዷ ሞታ ካበቃች በኋላ የረሳችው ቃል ትዝ ሲላት ተነስታ ተናግራ እንደገና ሞተች። የሬዲዮንም ሞት ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ በየሰው ሳሎን ስትሞት ነው የከረመችው። ተጠርታ መድረኩ ላይ ስትወጣ ጭምት የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ስለ ጓደኛዋ እጆቿን አጣበቀች።

ሬዲዮ አልሞተችም። መጀመሪያ አጠረች። መለሎዋ ልጅ እንዴት እንዳደረገችው አይታወቅም፤ ትከሻዋን ሰበሰበች፣ አንገቷን ከተተች፣ ድንክ ቢጤ ሆነች። መድረኩ መሀል ቁጭ ብላ ጀርባዋን የሌለ በር ላይ አስደገፈች። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ በሁለት ጣቷ ትፈትለው ጀመር። «እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ የሬዲዮ አይደለም። ጭምት ክው አለች።

አንዲት ቃል አላጎደለችም። ቀኝ ያለችውን አላውቃትም፣ አፍንጫዋን ስስል ምንም አላመመኝም፣ ሁሉንም። የቀሚሱ ጫፍ ሲፈተል ከወንበሮቹ ሳቅ ተነሳ፤ «አስባ፣ አውጥታ፣ አውርዳ» የምታደርገው ያ የጭምት ዝምታ፣ ያ ከንፈሯን እየነከሰች ጣሪያ የምታይበት፣ እሱም አልቀረም፤ እዚያ ላይ አዳራሹ በሳቅ ወደቀ። ጭምት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ለአንድ ሰው ብላ፣ በተዘጋ በር የተናገረችው ነገር አሁን በር ተከፍቶ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ይነገራል። እኔ እንዲህ ነኝ? አለች በልቧ። እንዲህ ነው የምቀመጠው? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይኗን መንቀል አለመቻሏ ነው። መድረኩ ላይ ያለችው ልጅ ታስቃለች፣ ታሳዝናለች፣ ትወደዳለች። «ዝም ማለት የኔ ነው» ስትል የሳቀ የለም። አዘጋጁ መነጽሩን ከክሩ ላይ ፈልጎ ዓይኑ ላይ አደረገው።

«ይቺ ልዕልቲቱ አይደለችም» አለ።

«አይደለችም» አለች ሬዲዮ፣ እንደገና ረዝማ።

«ማን ጻፈልሽ?»

ሬዲዮ ጣቷን ቀሰረች። «አልተጻፈም። እሷ ናት ያለችው። እዚያ ጥግ።» አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አዘጋጁ «ተነሺ እስቲ የኔ ልጅ፣ የምር አንቺ ነሽ?» አላት። ጭምት ተነሳች። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እጇ የሸሚዟን ጫፍ ፈልጎ አገኘ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አብረው የተለማመዱት መሰላቸዋ። አዘጋጁ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገና ልዕልትነቱ ለሌላ መሆኑን፣ ለሬዲዮ ግን በዚያው ቲያትር ውስጥ አንዲት በር ላይ የምትቆም ጎረቤት እንዳለች፣ ሁለት ቃል ብቻ የነበራት፣ አሁን እንደሚጨምርላት ተናገረ። ሰኞ ነይ አላት።

ጭምት ግን ወጥታ ሄዳለች። ሬዲዮ ስትሮጥ መንገድ ላይ ደረሰችባት፤ ጎኗ ሆና ለመሄድ ግን ስላልደፈረች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻት። «ሰኞ ነይ አለኝ እኮ» ብላ ጀመረች። ጭምት አልዞረችም። ሬዲዮ ተወችው። ጫማ ጠጋኙን አለፉ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጠውን፣ ብርጭቆ የሚሸጠውን። ሬዲዮ ይህን ያህል መንገድ ዝም ብላ ሄዳ አታውቅም፤ እንዳልቻለችበት ከትንፋሿ ይታወቃል። የጭምት ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ይቃጠላል። ጠዋት ሬዲዮ ከመሰላሉ ሥር ቆማ ምን እንደተሰማት አሁን ገብቷት ነበር፤ መግባቱ ግን ንዴቷን አልቀነሰላትም፣ እንዲያውም የምትሳደብበትን ቀዳዳ ነው የደፈነባት።

መሻገሪያው ላይ ቆመች። «ሳትጠይቂኝ» አለች።

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ነበር?»

መኪኖች አለፉ። የሚያሻግራቸው ቀዳዳ ተገኘ፣ አልተሻገሩም።

«ተቀየምሽኝ?» አለች ሬዲዮ።

ጭምት አሰበች። «አዎ» አለች። ሬዲዮ የባሰውን እየጠበቀች ከንፈሯን ነከሰች፤ ጭምት ግን ሌላ ነገር ከንክኗታል። አስባ፣ አውጥታ፣ አውርዳ፣ በመጨረሻ ጠየቀችው፤ «እጄን… የምር እንደዚያ ነው እንዴ የማደርገው?»

ሬዲዮ ወደ ታች አየች። ጣቶቹ እዚያው የሸሚዙ ጫፍ ላይ ሥራቸውን ይዘዋል።

«የለም» አለች። «ከዚያ ይብሳል። ሰው ፊት ስለሆነ ቀንሼልሽ ነው።»